አክስቴን በፎቶ የገደልኩ ዕለት

ነገሩ ከሆነ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ቆማ የምትሄድ አክስቴን ሞተች ብሎ ልጇ ለቅሶ እንዲቀመጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ሞተች» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያደረግኩት ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን አያስቀኝም። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሐይቅ ከተማ ነው የምኖረው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ላይ ከአንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። ያን ቀን የያዘኝ በሽታ የከብት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን አላጣውም ነበር። ሥራ ስሄድ አነሳለሁ፣ ገበያ ስወጣ አነሳለሁ። ቤተሰቤን ይዤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ስንወጣ ልጆቹ እየተራቡ፣ ዓሣው እየቀዘቀዘ፣ እኔ ሳህኑ ላይ ያረፈውን ብርሃን አነሳለሁ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ነበር የማነሳው። ኋላ ግን በስልኬ የፎቶ ትምህርት ማየት ጀመርኩና ጠፋሁ። ሰውን ፊት ለፊት ማንሳት የጀማሪ ሥራ ነው ተባልኩ። ፀሐይን ከሰውየው ኋላ አድርግ ተባልኩ። ጥላ ይናገራል ተባልኩ። ሁሉንም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ካሜራ ፊት ያለው ሰው ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ ዘሃራ የልጆቻችንን የኢድ ፎቶ አገላብጣ አይታ «ይሄ ደግሞ የማን ጆሮ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። የትልቁ ልጃችን ነበር። በመስኮት ብርሃን የተነሳ ግሩም ጆሮ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለጥፈው ብዙ ሰው ወዶልኛል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

አክስቴ መዲና የእናቴ ታናሽ ናት። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ትኖራለች። ባሏ አያ ይመር ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ወንድ ልጇ ሙሄ ደግሞ ሳውዲ ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔና ሙሄ እኩያ ነን፤ አንድ ክፍል ተምረን፣ አንድ ሐይቅ ዋኝተን ነው ያደግነው። ከሪያድ ወጣ ያለ የፍየል እርባታ ውስጥ ይሠራል። የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ጠይቆ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። የሄደበት መንገድ ባሕር ነው፤ አብረውት ከተሳፈሩት ውስጥ ያልደረሱ አሉ። የእናቱም የሁለት እህቶቹም ቤት የቆመው በእሱ ነው።

አክስቴ ያላት የቁልፍ ስልክ ነበር፤ የልጇን ድምፅ በሱ ትሰማለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ያ ስልክ እርጎ ውስጥ ወደቀ። ቀፎውን በጆሮና በትከሻ መሃል ወትፎ እርጎ የሚቀዳ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው። ሙሄ ሦስት ሳምንት ድምጿን ሳይሰማ ቆየና በኢሞ መልእክት ላከልኝ። «ሰይዶ፣ ካሜራ ገዝቷል ሲሉ ሰማሁ። በአላህ የእናቴን ፊት አንስተህ ላክልኝ። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» ይላል።

ፊቷን ነው ያለው። መልእክቱ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ የሚያሻማ ነገር የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አክስቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ከቤቷ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ቆመች። እጆቿን ግራና ቀኝ አውርዳ ትንፋሿን ያዘች። መታወቂያ ልታወጣ የመጣች ነው የምትመስለው። ፀሐዩ ገና ጠንካራ ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ነው።

«አክስቴ፣ እንዲህ አይሆንም» አልኳት።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ብርሃኑ። ፀሐይ ዝቅ እስክትል እንጠብቅ።»

«ፀሐይ ዝቅ ስትል እኔ ላሜን አልባለሁ» አለች።

ላሟን እኔ አለብኩላት። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይዣት ወረድኩ። የሚያዳልጠውን ቁልቁለት እየተንገዳገደች፣ እየተራገመችም ወረደች። ውኃው ዳር አቁሜ ጀርባዋን ለእኔ፣ ፊቷን ለፀሐይዋ እንድትሰጥ ነገርኳት።

«ልጄ የጠየቀህ ፊቴን ነው አላልክም? ጀርባዬን ምን ሊያደርገው ነው?»

«ይሄ ጥበብ ነው፣ አክስቴ።»

«ጥበቡን ላንተው ያርግልህ። አንዲት ብቻ ደህና አርገህ አንሳኝ።»

«እሺ፣ በኋላ» አልኳት። በኋላ ፀሐይዋ ጠለቀች።

ከመቶ በላይ አንስቼ አራት መረጥኩ። አክስቴ ከሚያበራው ውኃ ፊት ጠቁራ የቆመችበት አለ፤ ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ሰው መሆኗ ብቻ ነው የሚታወቀው። ሣሩ ላይ የተጋደመ ረጅም ጥላዋ አለ። የሙስበሃዋን መቁጠሪያ ፍሬ የሚቆጥሩ ጣቶቿ አሉ። የኮራሁት ግን በአራተኛው ነው። ወደ ሐይቁ ሳንወርድ፣ ላሟን ልታስገባ ስትወጣ በሩ አጠገብ የተወችው ባዶ በርጩማ፣ ከሥሩ ጫማዋ፣ ከላዩ በበሩ የገባ አንድ ሰበዝ ብርሃን። አራቱንም ጥቁርና ነጭ አደረግኳቸው። ቀለም ሰውን ከስሜቱ ያዘናጋል ተብያለሁ።

እሁድ ጠዋት ላክሁለት። ከሥሩ «አክስቴ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

«ፊቷስ?» ብሎ ጻፈልኝ።

የመለስኩለትን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ከጀመርኩ ልጨርሰው። «ፊት ማንም ያነሳል። ረጋ ብለህ እያቸው፤ እሷ እዚህ ሁሉ ውስጥ አለች» አልኩት።

ወዲያው ደወለ።

«ሰይዶ፣ እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«ስልኳ እርጎ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል አላልኩህም?»

«ባንተ ስልክ አገናኘኛ።»

«ይሄን ሳምንት የክትባት ዘመቻ ላይ ነኝ፣ አይመቸኝም። በሚቀጥለው አገናኝሃለሁ። አብሽር፣ ምንም አታስብ።»

በቀስታ «እሺ» ብሎ ዘጋው። ፎቶዎቹ ልቡን ነክተውት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የእኛን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሩቅ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ብቻውን ነው፣ የሚይዘው የለም፣ ይጎዳል እንላለን። ስለዚህ «ደህና ነው» እንላለን፣ «አሁን ወጣ አለ» እንላለን፣ «ስልኩ ተበላሽቷል» እንላለን። ወር እንዲህ ይባላል፣ ሁለት ወር ይባላል፣ አንዳንዴም ዓመት ይደፍናል። ከዚያ አንድ ማለዳ የአገሩ ልጆች ተሰብስበው በሩን ያንኳኩበታል። ሰው አገር ያለ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ሐሳብ የሚገባው «አታስብ» የተባለ ጊዜ ነው። እኔ በአንድ ስልክ ከነዚህ ቃላት አንድም ሳላስቀር ተናግሬ፣ ከላዩ ባዶ በርጩማ መረቅኩበት።

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከክትባት ስመለስ ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የቅሬያችን፣ የሰፈራችን እድር፣ ድንኳን ነው፤ ሞት ካልሆነ ከዕቃ ቤት አይወጣም። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ጓዳ ገብተዋል። ከልጆቼ አንዱ መስሎኝ ሞተሬን ጥዬ ሮጥኩ። የቅሬው ዳኛ አያ ሁሴን ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«አላህ ያጥናህ፣ ልጄ። አክስትህ ደግ ሴት ነበረች» አሉኝ።

«የትኛዋ አክስቴ?»

«መዲና ናታ።»

«መዲና አልሞተችም። ቅዳሜ አብሬያት ነበርኩ።»

«ቅዳሜና ማክሰኞ አንድ አይደለም» አለ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው።

ማን እንደነገራቸው ጠየቅኩ። ሪያድ ካሉ የሐይቅ ልጆች ተደውሎ ነው። ሙሄ ከእሁድ ጀምሮ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ጓደኞቹ በሌለችበት ሰላተል ጀናዛ፣ የሟች ሰላት፣ ሰግደውላታል። እነሱ እዚህ ላሉ ቤተሰቦቻቸው ደወሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ለቅሬው ነገሩ፣ ቅሬው የቅርብ ዘመድ ብሎ እኔ ቤት መጣ። ከአርዲቦ ሐይቅ ከተማ ለመድረስ በሞተር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ወሬው ግን በሪያድ ዞሮ መጣ።

«ወላሂ በሕይወት አለች» አልኳቸው።

አያ ሁሴን ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሙሄ መደበቅህ ወግ ነው። እኛን ምን አስደበቀህ?»

እኔ በማልኩ ቁጥር እነሱ በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ ጎረቤታችን እንዲያውም «ውኃ አጠጡት፣ አልገባውም» አለች።

ዘሃራ ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ስልኳን በእጇ ይዛለች። የደወለው ከማል የሚባል ከሙሄ ጋር የሚኖር ልጅ ነው።

«ሰይድ፣ ሙሄ ከአስር ሰላት በኋላ ፖሊስ ጋ ሄዶ እጁን ሊሰጥ ነው» አለኝ። «ወዳገሬ ይስደዱኝ፣ አፈሯን ልይ ይላል። ብንለምነው ብንለምነው አልሰማ አለ። ልብሱን ጠቅልሎ ጨርሷል።»

የአስር ሰላት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያና እዚህ ሰዓቱ አንድ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አልቀረኝም ማለት ነው። ለሙሄ ደወልኩ፣ አያነሳም። «እናትህ አለች፣ በአላህ እመነኝ» ብዬ ጻፍኩለት። «አብሽር አልከኝ። በቃኝ፣ ሰይዶ» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ መልእክቴን ማየቱንም ተወው።

ሞተሬን አስነሳሁ። ከድንኳኑ አንድ ሁለት ሰው ተነስቶ «በዚህ ሐዘን ሞተር አይነዳም» ብሎ ሊይዘኝ ሞከረ። አምልጬ ወጣሁ።

መንደሯ ስደርስ በሩ ክፍት ነው፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ያ በርጩማ በሩ አጠገብ ባዶውን ተቀምጧል። ያን ጊዜ እኔም ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፣ ያነሳሁት ፎቶ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ «ሞታ ይሆን?» አልኩ። ሁለቴ ተጣራሁ። ሦስተኛው ላይ ከጓሮ «ምንድን ነው የሚያስጮህህ?» የሚል ድምፅ መጣ። ድንች እየቆፈረች ነው።

«አክስቴ፣ ሙሄ እናቴ ሞተች ብሎ ለቅሶ ተቀምጧል።»

ቀና አለች። «ማን ነው የገደለኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በፎቶ።»

ስልኬን አውጥቼ የላክኩለትን አሳየኋት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ያዘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«ይሄስ?»

«ጥላሽ።»

«ይሄኛውስ?»

«በርጩማሽ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «ልጄ ሐቅ አለው፤ እኔም ብሆን አለቅሳለሁ» አለች።

መንደሩ ውስጥ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ይሠራል። አክስቴ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ማንም ሳያግዛት ወጣች። ወገቤን አፈር በአፈር በሆነ እጇ ጨምድዳ ይዛ ዱዓ እያደረገች፣ በየመሃሉ እየሰደበችኝ፣ ኮረብታው ላይ ደረስን። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ሙሄ አሁንም አያነሳም። ለከማል በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ፊቷ ላይ ያዝኩት። ፀሐይ ቀጥ ብላ ፊቷ ላይ አርፋለች። ዓይኗን አጨናብሳለች፣ የፊቷ መስመር አንድ በአንድ ይታያል፣ ግንባሯ ላይ የድንች አፈር ተለጥፏል። እኔ በተማርኩት ትምህርት ከዚህ የከፋ ብርሃን የለም። ከማል «ያ አላህ» አለና እየሮጠ ሄደ። የሚሮጥ እግር፣ ግድግዳ፣ የተጠቀለለ ሻንጣ አየን። ከዚያ ሙሄ መጣ። ፂሙ አድጓል፣ ዓይኑ አብጧል። አያት፤ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«ሙሄ፣ ፊትህን ለምን አልታጠብክም?» አለችው።

እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። «አለሁ እኮ። ድንች እየቆፈርኩ ነበር» እያለች ትደጋግምለታለች። ከማል ከጎኑ ብቅ ብሎ «እማማ፣ እኛ እኮ ሰላተል ጀናዛ ሰግደንልዎት ነበር» አላት። «አላህ ይቀበላችሁ። ለዋናው ግን ትንሽ ቆዩኝ» አለችው። ሦስታችንም ሳቅን። ሙሄ አልሳቀም።

«ሲሆን አይደል የሚለቀሰው? ስሞት ይነግሩህ የለም ወይ?» አለችው።

«አይነግሩኝም» አለ። «አይነግሩኝም፣ እማ። ስልኩን ለሰይዶ ስጪው።»

ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልቆጣህም» አለኝ። «ግን አባቴ ሞቶ ስምንት ወር ሙሉ ደህና ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ፎቶውን ስጠይቅህም ልከህልኛል፤ ባለፈው ሳምንት ያነሳሁት ነው ብለህ። አባቴን ከሞተ በኋላ ፊቱን ላክህልኝ። እናቴን በሕይወት እያለች ጀርባዋን ላክህልኝ። እኔ የቱን ልመን?»

እውነቱን ነው። አያ ይመር የሞቱ ጊዜ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ለልጁ አይነገር» አሉ። ስልክ የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። «መስጊድ ሄደዋል» አልኩት፣ «ወፍጮ ቤት ናቸው» አልኩት፣ «ጆሯቸው ስለከበደ ስልክ አይሰሙም» አልኩት። ፎቶ ሲለኝ ከድሮ የሰርግ ፎቶ ላይ ሌላውን ሰው ቆርጬ አውጥቼ ላክሁለት። ደህና ፎቶ ነበር። ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሙሉ ብርሃን ላይ። እሱም አምኖ ለጓደኞቹ አሳይቷል፣ ስልኩ ላይ አድርጎታል። ያን ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም መርቀውኛል።

«አፉ በለኝ» ብዬ ይቅርታ ለመንኩት።

«አፉ ብያለሁ። ግን ቃል ግባልኝ። እናቴ የሞተች ቀን የዚያኑ ቀን ትነግረኛለህ። ሽማግሌ አትሰበስብም፣ ሰው አትልክብኝም። አንተው ደውለህ ትነግረኛለህ።»

አክስቴ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። ልጇ ፊት ስለ ሞቷ ቃል መግባት እንዴት ይቻላል? ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ግባለት» አለች።

ገባሁለት።

ሙሄ ያን ቀን እጁን አልሰጠም፤ ሻንጣውን ፈታ። እኔ ቤቴ ስመለስ ቅሬው ድንኳኑን እየነቀለ ነበር፤ የተሠራው ምግብ ግን አንድም አልተረፈም። ሐሙስ ገበያ አክስቴ ሐይቅ ከተማ ወርዳ፣ የአያ ሁሴን ደጅ ላይ ቆማ «በስሜ የበላችሁት ተስማማችሁ ወይ?» ብላ ጠይቃቸዋለች። አንዳንዱ ሰው እጇን ጨብጦ ነው ያመነው።

አሁንም ፎቶ አነሳለሁ። ጥላም አነሳለሁ፤ ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ለሙሄ ግን በየሳምንቱ የምልከው የእናቱን ፊት ብቻ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንም ሳልነካካው። በየሳምንቱ ስለማያት እኔ ለውጡ አልታየኝም ነበር። ባለፈው ፎቶዎቹን ተራ በተራ ሳያቸው ጉንጯ ጎድሏል፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሙሄም አይቶታል ብዬ አስባለሁ፤ አይናገርም እንጂ።

አያ ሁሴን የገባሁትን ቃል ሰምተው አልወደዱትም። «ብቻውን ያለን ሰው በስልክ ታርደዋለህ?» አሉኝ። ነገሩ እኔንም ያስፈራኛል። ስምንት ወር «ደህና ነው» ስል አንድም ቀን ምላሴ አልተያዘም። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ሞተር ላይ ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ እሞክራታለሁ፤ «ሙሄ፣ እናትህ ዛሬ ሞተች»። እስካሁን አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው ብያት አላውቅም።